ከአስፋልቱ እስከ ደጃፉ

(ደሴ ውስጥ ለነዋሪዎች፣ በወሎ ቅሬ ለሚባለው እድር ዳኞችና ለግንባታ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ? ብርዱንና ካፊያውን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በዚህ ከተማ ስለ አካል ጉዳተኞችና ስለ አረጋውያን መንገድ ሲነሳ የሚሰጠውን መልስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ምን ይደረግ፣ ደሴ ተራራ ናት!» አለቀ። ወሬው እዚያ ላይ ይዘጋል። የጦሳን ተራራ ናዱልን ያልን ይመስል።

እውነት ነው፣ ተራራ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ከጦሳ ሥር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዋናው አስፋልት ዝቅ ያለውን ቦታ ይዞ ይሄዳል፤ ሰው ደግሞ ግራና ቀኝ ዳገቱን ይዞ ይኖራል። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ እንላለን፤ ሐረጎን የወረደ ያውቀዋል። በተራራው ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ የፈጣሪ ሥራ ነው። ደረጃውን የሠራነው ግን እኛ ነን። ቦዩን ሳንከድን የተውነው እኛ ነን። ሽንት ቤቱን ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሰቀልነውም እኛው ነን።

ስለ አይጠየፍ አዳራሽና ስለ ወሎ ደግነት እያወራሁ ላስጨበጭባችሁ እችል ነበር። ለእሱ ከእኔ የተሻሉ ተናጋሪዎች አሉ። እኔ የመጣሁት ስለ ደረጃ፣ ስለ ቦይና ስለ በር ስፋት ለማውራት ነው።

የምለው ባጭሩ ይህ ነው። ብዙ ሰው ከከተማው ኑሮ ተቆርጦ የሚቀረው ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ደጃፍ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው። ገንዘባችንና ሐሳባችን ግን የሚውለው አስፋልቱ ላይ ነው።

የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ እኛም ከተሞች መጥቷል። ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና መቀመጫ ይዞ ነው የመጣው። አላጣጥለውም። እግረኛው ቦታ ይሰጠው እያልን ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች፣ ቦታ ሲሰጠው ብናኮርፍ ነውር ነው። ነገር ግን በዚያ ሰፊ መንገድ ለመሄድ መጀመሪያ እዚያ መድረስ አለብኝ። ከቤቴ መውጣት፣ የግቢውን ደፍ መሻገር፣ ቀጭኑን መንገድ መውረድ፣ ቦዩን መዝለል አለብኝ። ጉልበቴ ከከዳኝ የሰፋው መንገድ ለእኔ ምኔ ነው?

እስቲ ከዚያች አጭር መንገድ ላይ የሚቀረው ማን ማን ነው? ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ነው። እሱ አለ። ጉልበቷን የሚያማት እናትም አለች። ነፍሰ ጡሯ አለች። ልጅ አዝላ 20 ሊትር ጀሪካን የያዘች ሴት አለች፤ 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፣ እሱንም በዳገት። ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑ የደከመ አባት አለ። በትራኮማ ዓይኑ የተጎዳ አለ፤ ክልላችን በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው፤ የቦሩ ሜዳን ሆስፒታል የዓይን ሕክምና የማያውቅ ወሎዬ ደግሞ የለም። በ2014ቱ ጦርነት አካላቸውን ያጡ ወጣቶችም አሉ። ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አላት። አንድ ልጅ እዚያ ሰው ሰራሽ እግር ይሠራለታል፣ መራመድ ይለማመዳል፣ በደንብ ቆሞ ይወጣል። ከዚያ በባጃጅ እስከ ሰፈሩ ይደርስና ደረጃው ሥር ይቆማል። ሕክምናው እዚያ ላይ አለቀ። የቀረው የግንበኛና የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው።

እነዚህን ሁሉ ብትደምሯቸው የከተማው ጥቂት ሰዎች አይደሉም። ከእነሱ ላይ ደግሞ ሕፃናቱን ጨምሩ። ከዚያ የሚተርፈው ጤነኛ፣ ወጣት፣ ባዶ እጁን የሚሄድ ወንድ ነው። ከተማውን የምንሠራው ግን ለእሱ ነው። እሱም ቢሆን ያረጃል።

አሁን ወደ ደረጃው ልውሰዳችሁ።

ከአንዲት እናት ጋር ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ አብረን ወረድን። እኔ ሜትር ይዣለሁ፣ እሳቸው ከዘራ። ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። «ይቺን ተጠንቀቃት ልጄ፣ ሰካራም ናት» አሉኝ፤ እውነትም ድንጋይዋ ትወዛወዛለች። ከፍታቸውን ለካሁ። አንዷ 14 ሳንቲ፣ ቀጣይዋ 19፣ ትንሽ ወረድ ብላ ያለችው 27 ሳንቲ ናት። እማማ 27ቷ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው በጎን ነው የሚወርዱት። የጎረቤታቸውን የቆርቆሮ አጥር ጠርዝ ይይዛሉ። መዳፋቸውን አሳዩኝ፤ ጠርዙ ሸንትሮታል። «ሌላ ምን ልያዝ?» አሉ። ቅሬ ካልሆነ በስተቀር አይወርዱም። ለቅሬ ግን ግድ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ባለሙያዎቹ የተቀመጣችሁት ለዚህ ነውና። ደረጃ ላይ ሰውን የሚጥለው ከፍታው ብቻ አይደለም፤ አለመመሳሰሉ ነው። እግር ብልህ ነው። ሁለት ሦስት ደረጃ ከወረደ በኋላ ልኩን ይይዛል፤ ከዚያ ሰውየው ሳያይ ይወርዳል። አራተኛዋ በአምስት ሳንቲ ከተለየች እግሩ አየር ይረግጣል። ታዲያ ለምንድን ነው ደረጃችን እንዲህ የሚዘበራረቀው? ግንበኛው ከሥር ይጀምራል። ያገኘውን ድንጋይ ይደረድራል። ላይ ሲደርስ የተረፈውን ከፍታ የመጨረሻዋ ደረጃ ትሸከመዋለች። መፍትሔው ሲሚንቶ አይጨምርም። መጀመሪያ ጠቅላላ ከፍታውን በውኃ ልክ ለካ፤ ከዚያ አካፍል። ሦስት ሜትር ከሃያ ከሆነ ለሃያ ደረጃ ታካፍለዋለህ፤ እያንዳንዷ 16 ሳንቲ ትሆናለች። የእግር መርገጫዋን ወደ 30 ሳንቲ አድርጋት። በቃ። አንዲት ወረቀትና እርሳስ ናት የምትጠይቀው።

ቀጥሎ መያዣ። 90 ሳንቲ አካባቢ ከፍታ ላይ፣ በሁለቱም በኩል የብረት ቱቦ። ለምን በሁለቱም? ስትሮክ የመታው ሰው አንዱ እጁ ብቻ ነው የሚሠራው። ሲወርድ በቀኙ ከያዘ ሲመለስ ቀኙ በሌላኛው ጎን ነው። ቱቦው የመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ሳይቆረጥ 30 ሳንቲ ያህል አልፎ ይዝለቅ፤ ሰው የሚወድቀው ያለቀ መስሎት ሲለቅ ነውና። የዝናቡ ውኃ በደረጃው ላይ ሳይሆን በጎኑ ይውረድ። ይህ ሁሉ ለአንድ ፎርማን የግማሽ ቀን ሐሳብ ነው።

ሦስተኛው ማረፊያ ነው። በየአሥር አሥራ ሁለት ደረጃው ሰፋ ያለ ቦታ ይኑር፤ እዚያ ላይ መደብ ይሠራ። ግን ለመቀመጫ ብቻ አታስቡት። ጎኑ ላይ ወገብ የሚደርስ ሌላ ከፍ ያለ መደብ ጨምሩበት። ጀሪካን ወይም እንጨት የተሸከመች ሴት ሳትጎነበስ ሸክሟን ታሳርፍበታለች፤ ሳትጎነበስም መልሳ ታነሳዋለች። ኔፓል ውስጥ በየተራራው መንገድ ላይ ለተሸካሚ የሚሠራ እንዲህ ያለ ማረፊያ አለ፤ ቻውታራ ይሉታል፤ ጥላ እንዲሆን ዛፍም ይተክሉበታል። ከእኛ የባሰ ዳገት ያለው ሕዝብ ነው።

ስለ ስፋትም አንድ የቅሬ ዳኛ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። እሳቸው መንገድን በሜትር አይለኩም። «ቃሬዛ ያዞራል ወይስ አያዞርም?» ነው ጥያቄያቸው። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ መዞር ካልቻሉ አስከሬኑ በአጥር ላይ ይተላለፋል። በምጥ የተያዘች ሴትም የምትወርደው በዚያው መንገድ ነው፤ አምቡላንሱ ከአስፋልቱ አያልፍም። ይህን መለኪያ ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። እኛ የተማርነው ዊልቸር ሊዞር 150 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል የሚለውን ነበር። ቃሬዛ የሚያዞር መታጠፊያ ዊልቸርን አይከለክልም። ሰፈሩም ስለ ዊልቸር ሲነገረው «እዚህ ማን አለው?» ይላል፤ ስለ ቃሬዛ ሲነገረው ግን የሚከራከር አይኖርም።

ከዊልቸር ከተነሳን ሐቁን እንነጋገር። አስፋልቱና አንድ ቤት በ30 ሜትር ከፍታ ይለያያሉ እንበል። ይህ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። በደረጃ ሲሆን ወደ 200 ደረጃ ነው። ዊልቸር በሰላም የሚወጣበት ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ፣ ደግሞ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ለ30 ሜትር 360 ሜትር ራምፕ ማለት ነው፤ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ። ማን ይገፋዋል? የትኛው ግቢ ፈርሶ ነው የሚሠራው? ስለዚህ ዳገት ላይ ያለ ሰፈርን ሁሉ በራምፕ እናዳርሰዋለን የሚል ሰው ካለ እየቀለደ ነው።

ኮሎምቢያ ውስጥ ሜደሊን የምትባል ከተማ አለች። ድሆቹ ከተራራው ጎን ላይ ነው የሚኖሩት። በ2004 እ.ኤ.አ. ሰው በገመድ ላይ በተንጠለጠለ መኪና ወደ ዳገቱ የሚመላለስበት መስመር ዘረጉ። በ2011 ደግሞ ኮሙና 13 በሚባለው ሰፈር ከቤት ውጭ ኤስካሌተር ተከሉ፤ የሚወጣው ከፍታ ከ28 ፎቅ ጋር ይተካከላል። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ «ለእኛም!» ይላል። እኔ አልልም። መብራት በጠፋ ቁጥር ኤስካሌተሩ ተራ ደረጃ ይሆናል፤ ያውም ቁመቱ የማይመች ደረጃ። ከሜደሊን የምቀናበት ሌላ ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍቱንና አደባባዩን ወደ ዳገቱ ሰፈር ወስደው ሠሩት። ሰው ለሁሉም ነገር ወደ ታች እንዳይወርድ አገልግሎቱ ወደ እሱ ወጣ። ይህን እኛም እንችላለን፤ አንደኛው መፍትሔ ይህ ነው። ቦኖው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የሕፃናት ማቆያው፣ የቀበሌው ጉዳይ ማስፈጸሚያ ሁሉ አስፋልት ዳር መደርደር የለበትም።

ሁለተኛው መፍትሔ ባጃጅ ነው። እየሳቃችሁ ነው። እኔ ግን በወሎ ከተሞች ከባጃጅ የተሻለ ለአቅመ ደካማ የሚመች መጓጓዣ አላውቅም። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው። ሾፌሩ ወርዶ ይደግፋል። ዊልቸር ታጥፎ ከኋላ ይታሰራል። ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ መንገድ ካገኘ። ስለዚህ የሰፈር መንገድ ሲታቀድ ጥያቄው ሁሉም ቤት መኪና ይግባለት የሚል መሆን የለበትም። ከየትኛውም ቤት ተነስቶ በጥቂት ደረጃ ብቻ ባጃጅ የሚደርስበት ቦታ ይኑር የሚል ነው። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ መዞሪያ ይተውለት። ኮብልስቶን ለዊልቸርና ለክራንች ምቹ አይደለም፤ ያንገጫግጫል፤ ግን ከጭቃ ይሻላል። ጎኑ ላይ እንኳ አንድ ሜትር ያህል ለስላሳ ንጣፍ ቢጨመርለት ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው ማን የት ይኑር የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ወደ ቤት እንገባለን።

የቀበሌ ቤት የሚባለው ከሐምሌ 1967 ጀምሮ አለ፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከአዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ ማለት ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ኪራዩ ግን ርካሽ ነው፤ ከአስፋልት የሚርቀውም ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። እግሩ የተጎዳ ሰው ዳገቱ ላይ ቀበሌ ቤት ካለው፣ ከታች ካለ ጤነኛ ተከራይ ጋር ወይም ከተለቀቀ ቤት ጋር ለምን አይቀያየርም? ሲሚንቶ የለበት፣ ጨረታ የለበት። ደብዳቤ ብቻ ነው። በሩን ማስፋት ሲፈልግም ፈቃድ ፍለጋ ወራት ባይመላለስ ደግ ነው፤ 70 ሳንቲ በር ዊልቸር ይዞ የእጅ አንጓ ይልጣል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 90 ይሁን፤ ተከፍቶ ቢያንስ 80 ያስገባ።

ኮንዶሚኒየሙ ወደ ክልል ከተሞች የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። አብዛኛው ጂ ፕላስ ፎር ነው፣ ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው ጎልማሳ ሆኖ ገባ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። የውኃ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ የማይደርስ ከሆነ ደግሞ ጀሪካን በደረጃ ነው። የንድፉን መልካም ጎን አልደብቅም። ለቅሬ ድንኳን፣ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት አስበውበታል፤ የሕዝቡን ኑሮ ያየ ሰው ነው ያንን የሣለው። አንዳንዱ ቦታ ግን ያ የጋራ ቤት ሱቅ ወይም ቢሮ ሆኖ ቀርቷል። ምድር ቤቱም እንዲሁ። ምድር ቤት ላይ ሱቅ ሲከራይ ገቢ ያመጣል። በክራንች የሚሄደው ዕድለኛ ግን ወደ ላይ ይሰቀላል። የተሻለው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የሕንፃው አንዱ ጎን ለሱቅ፣ አንዱ ጎን ለመኖሪያ ይሁን እላለሁ።

የኪራይ ቤቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰርቪስ ቤት። «ስንት ልጅ አለሽ?» «ውኃ ታበዣለሽ?» «እንግዳ ይመጣብሻል?» ኮምቦልቻ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 መጨረሻ ከተመረቀ በኋላ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አንዲት ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራያሉ። ፋብሪካ ሲታቀድ መጋዘኑ፣ ኃይሉ፣ የባቡሩ ነገር ሁሉ ታስቦበታል። ልጅቷ የት ታድራለች የሚለው ግን ለሰርቪስ ቤት አከራይ የተተወ ነገር ነው። የማታ ፈረቃ ጨርሳ ከሰርቪስ አውቶቡስ ስትወርድ ዋናው መንገድ በርቶ ያድራል። የእሷ መንገድ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ዋናው መንገድ ላይ ከተተከሉት አምፖሎች ጥቂቱን ነቅዬ ወደ ውስጥ መንገዱ አስገባቸው ነበር። ለፎቶ አያምርም።

ስለ ማዛወርም አንድ ቃል። ሰፈር ሲፈርስ ለነዋሪው ከከተማ ዳር ቤት ይሰጠዋል። ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱ፣ ቅሬው፣ የጉልት ቦታው ግን አብሮት አይሄድም። ቺሊ ውስጥ ኢኪኬ በምትባል ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬና ሌላ ነገር ሞክሯል። ወደ መቶ የሚጠጉ ድሀ ቤተሰቦች መሐል ከተማ ሰፍረው ነበር። የመንግሥት ድጎማው ሙሉ ቤት አይሠራም። ስለዚህ ግማሹን ሠራላቸው፤ የሚከብደውን ግማሽ። መዋቅሩን፣ ጣሪያውን፣ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን። ቀሪውን ቦታ ባዶ ተወው፤ ሰዉ አቅሙ ሲፈቅድ እየሠራ ሞላው። ከቦታቸው ግን አልተነሱም። እኛም ቤት የምንሠራው እንዲሁ ነው፤ ዘንድሮ አንድ ክፍል፣ ልጅ ሲያድግ ሌላ። ሕጉ ይህንን እንደ ጥፋት ከሚያየው ይልቅ ንድፍ ቢያወጣለት ይሻላል።

ሕግ ካልኩ፣ የሕግ ችግር አለብን ብዬ አላምንም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል፤ ለሽንት ቤቱም እንዲሁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 አጽድቃለች። ታዲያ ራምፑ ይሠራል፤ ለይስሙላ። አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። መግቢያው ሦስት ደረጃ ነው፤ 45 ሳንቲ። በ1 ለ 12 ሒሳብ 5.4 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ ይፈልጋል። የተሠራው አንድ ሜትር ከምናምን ነው። ሽቅብ የሚያይ ግድግዳ በሉት። በዚያ ላይ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ለብሷል። ክረምት ላይ ጤነኛው ሰው እንኳ ደረጃውን ይመርጣል። ከታች ደግሞ ሞተር ሳይክል ቆሞበታል። ጥበቃውን ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ማንም ስለማይጠቀምበት» አለኝ። ምን ልበለው?

ዓይነ ስውራንን የሚመራው ቢጫ ሸካራ ንጣፍም እንደዚያው እንዳይሆን እፈራለሁ። ይህ ንጣፍ የጃፓናዊው ሴይኢቺ ሚያኬ ፈጠራ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ኦካያማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈው ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ነበር። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ረጅሙ መስመር «ቀጥል» ይላል፣ ነጠብጣቡ «ቁም» ይላል። ስለዚህ ለጌጥ አይነጠፍም። መስመሩ ተከትሎት የሄደን ሰው የመብራት ምሰሶ ላይ ወይም ክዳኑ የተሰበረ ቦይ ላይ ካደረሰው ባይኖር ይሻል ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የምርቃት ቀን ቀርቧል እየተባለ የሚነጠፍ ንጣፍ እንዲህ ያደርጋል።

ወደ አደባባዩ ልውጣ። እዚህ ላይ አላረዝምም፤ ግን ሦስት ነገር ይቆረቁረኛል።

አንዱ ሽንት ቤት ነው። ሰኞ ገበያ የምትውል ሴት ከቤቷ ስትወጣ ውኃ አትጠጣም። ለምን እንደሆነ ሴቶቹ ታውቃላችሁ፤ ወንዶቹም ስታስቡት ይገባችኋል። ወንዱ አጥር ፈልጎ ይዞራል። መናፈሻ ሠርተን ሽንት ቤት ከሌለው ወይም ቁልፉ የጠፋ ከሆነ፣ መናፈሻውን የሠራነው ለወንድ ነው።

ሌላው ጉልት ነው። የእግረኛ መንገድ ሲያምር መጀመሪያ የሚነሱት የጉልት ሴቶች ናቸው። መንገድ ዘጉ ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፣ ዓይነ ስውሩ ቲማቲም ላይ ይወጣል። ግን ነገሩ የልክ ጉዳይ ነው። ሁለት ዊልቸር ጎን ለጎን የሚያሳልፍ 180 ሳንቲ ንጹሕ መንገድ ይከበር፤ ከዚያ የተረፈው ጎን በቀለም ተሰምሮ ለጉልት ይሰጥ። ሴትየዋ እዚያ መቀመጧ ለመንገዱም ጥበቃ ነው። ጨለም ሲል ልጃገረዶች የጉልት ሴት ባለችበት በኩል ነው የሚያልፉት።

ሦስተኛው የልጃገረዶች ነገር ነው። ባዶ ሜዳ ካለ ኳስ ሜዳ ይሆናል፤ ኳሱ የወንዶች ነው። ሴቶቹ ጥግ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ካደጉ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አይመጡም። ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። የኦስትሪያዋ ቪየና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስታጠና ልጃገረዶች ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሲሆናቸው ከመናፈሻ እንደሚጠፉ አገኘች። አልተቆጣችም፣ አልመከረችም። መረብ ኳስና ባድሜንተን መጫወቻ ጨመረች፤ ሜዳውን በእግር መንገድ ከፋፈለችው። ልጃገረዶቹ ተመለሱ። ያቺው ከተማ በዚያው ዘመን ከ350 በላይ መኖሪያ ያለበትን ሰፈር ሴት አርክቴክቶች እንዲነድፉት አድርጋለች። ያመጡት ተአምር የለም። በየፎቁ የሕፃን ጋሪ ማስቀመጫ፣ ሰፋ ያለ ደረጃ ቤት፣ ልጅ የሚጫወትበት ግቢ የሚታይበት ወጥ ቤት። ልጅ ያሳደገ ሰው ሲነድፍ የሚያስበው ነገር ነው።

ታዲያ እኛ ዘንድ ማን ይጠየቃል? ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባው ብዙ ጊዜ ፎቅ ላይ ነው፤ ይህ አዳራሽ ራሱ ስንት ደረጃ እንዳለው ሁላችሁም ስትገቡ ቆጥራችሁታል፤ ከኋላ የተቀመጡት አባት በሰው ተደግፈው ነው የገቡት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንላለን፤ ግን መናገሪያው ቦታ ላይ መድረስ ያልቻለ ሰው ምን ይበል? ለዚህ ነው ቅሬን የምወደው። ቅሬ ማን የት ቤት እንደተኛ ያውቃል። ማን ለለቅሶ መውረድ እንዳቃተው፣ የማን ልጅ ከቤት እንደማይወጣ፣ የማን እናት ዓይኗ እንደደከመ መዝገብ ሳያወጣ ያውቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አለበት። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን መረጃ በጥናት ላሰባስብ ቢል ዓመት ይፈጅበታል።

ወጪው ይበዛል የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በሩ 90 ይሁን ብሎ ወረቀት ላይ መሳል የሚያስወጣው ነገር የለም፤ ያለቀ ግድግዳ ማፍረስ ነው የሚያስወጣው። ደረጃን እኩል ማካፈል ነፃ ነው። የቦይ ክዳን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ብረት ከሆነም ይሰረቃል፤ ስለዚህ ከኮንክሪት ይሠራ፤ ሁለት ሰው ሊያነሳው በሚችል ክብደት፣ ለጽዳት እንዲመች። ሊፍት ውድ ነው፤ እሱን አሁን አልጠየቅሁም።

የጠየቅሁት ይህን ነው። እያንዳንዱ ቅሬ አንድ መንገድ ይምረጥ፤ ሰው በብዛት የሚወርድበትን። ከአባላቱ መካከል አካሄዱ ከሁሉም ቀርፋፋ የሆነውን ሰው ከፊት አስቀድማችሁ አብራችሁ ውረዱ። እሱ የቆመበት ቦታ ሁሉ ይመዝገብ። የደረጃዎቹን ጠርዝ በኖራ ቀቡ፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ነጩን ጠርዝ ያያል፤ ይህ ዛሬውኑ የሚሠራ ነው። የሚወዛወዘውን ድንጋይ ለግንበኛ ተዉት። ዝርዝሩ ለቀበሌው ይገባ፤ ግልባጩ ለማዘጋጃ ቤት። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እዚህ አላችሁ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ እየፈለጋችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልኬቱን እናንተ ያዙ።

ሜትሩን እኔ አመጣለሁ፤ ኖራው ከእናንተ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ማይክራፎኑ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ማንም ለጥያቄ ብሎ ደረጃ እንዳይወርድ።